የእትዬ አዛለች ሁለት ጥቁር ጋኖች

እትዬ አዛለች መሞቷን የሰማሁት ሐብሐብ ስመርጥ ነው። ሺምሾን በሚባለው ሰፈራችን ካለው አትክልት መሸጫ ፊት ቆሜ፣ አንዱን ሐብሐብ በመሐል ጣቴ አንጓ ኳ ኳ አድርጌ ጆሮዬን አዘንብያለሁ። ሻጩ እንደ ልማዱ ይስቅብኛል። "አያቴ፣ ከውስጥ የሚከፍትልሽ የለም፤ ዝም ብለሽ ውሰጂው!" ይላል። ይህን ማንኳኳት ያስለመደችኝ እሷ ናት። እንዲያ እያልኩ ሳለሁ ልጇ መስፍን ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

"እትዬ ወርቄ፣ እማዬ አረፈች" አለኝ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። እንደተኛች።"

ሐብሐቡን የት እንዳኖርሁት አላስታውስም።

ለቅሶ ቤት ሰባቱን ቀን ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ አወራ፤ እውነት ነው፣ ደግ ነበረች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ቆሎዋን ለማያውቋት ልጆች እንዳካፈለች ተወራ። ስለ ጋኖቹ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለ። እኔ ደግሞ እሷን ከጋኖቹ ለይቼ ማሰብ አይሆንልኝም። ማንም ካላነሣው እኔ ላንሣው።

እትዬ አዛለች ጎንደር ዙሪያ ያደገች ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቷም፣ የእናቷም እናት ያው። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ አንገቷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል የምታደርግ ሴት። የቀኝ እጇ አውራ ጣት በልጅነቷ ተሰብሮ ጎብጦ ነው የገጠመው። ሸክላዋን የትም ብታገኙት በዚያ ጣት ታውቁታላችሁ፤ ከአንገቱ ሥር ጎበጥ ያለች ምልክት ትቀርበታለች። ስታልፍ ስታገድም ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታንኳኳለች። በሩን፣ ባልዲውን፣ ዳቦውን፣ የአውቶቡሱን መስኮት። አንድ ጊዜ አስሏት ኩፓት ሆሊም የሚሉት ጤና ጣቢያ፣ ሐኪሙ ዘንድ ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ ጀርባዋን በጣቱ ቧ ቧ እያደረገ ሲያዳምጥ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ወርቄ፣ ይኼስ የኛው ሰው ነው! መሰንጠቅ አለመሰንጠቄን እያየ እኮ ነው" አለችኝ።

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ የነበረኝ ዕብራይስጥ ለዚህ የሚበቃ አልነበረም፤ እኔም ሳቅሁ።

ማንኳኳቷ ግን ጨዋታ አልነበረም። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ሲመቱት ይጮኻል። የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም፣ ዱፍ ይላል። ልጅ ሳለች እናቷ የሸጠችው ጋን ሰርግ ቤት ጠላ እንደሞላ ፈረጠ። በዚያው ሰሞን የሰርገኛው ቤት ልጅ ታመመ። "ቡዳዋ ናት፤ ጋኑን ሰጥታ ልጁን በላችው" ተባለ። መጥተው እናቷን በነጠላዋ እየጎተቱ ወሰዷት፤ "እንትፍ በይበት!" እያሉ ልጁ ላይ አስተፏት። ልጁ ሞተ። የእነእትዬ አዛለችን ጎጆ አቃጠሉት።

"ከዚያ ወዲያ እናቴ ዱፍ ያለ ሸክላ ካገኘች በገዛ እጇ ነው የምትሰብረው" ብላኛለች። "አታገላብጥም፣ ማንንም አትጠይቅም። 'ሰው እጅ ሳይገባ፣ አዛለች፣ ሰው እጅ ሳይገባ' እያለች ነው ያሳደገችኝ።"

ገበያ ሲወጡም ሸክላውን መሬት ላይ ደርድረው ራቅ ብለው ይቆማሉ። ገዢው በዱላው ጫፍ እየነካ ይመርጣል። ክርስቲያኖቹ ቡዳ ናችሁ እያሉ ይሸሹናል፤ እኛ አይሁዶችም ብንሆን ሕጋችን ከልክሎን አትንኩን እያልን እንሸሻቸው ነበር፤ ሸክላው መሐል ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይሸጣል። "ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ከሥራዬ ጎን ቆሜ አላውቅም" ትል ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የቀራት ምኞት ይኼው ብቻ ነበር ብል አልዋሸሁም።

እዚህ አይሁድ አገር ከመጣን በኋላ መስፍን ፋብሪካ ገባ። እሷ ደግሞ አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ከተቆፈረው ጉድጓድ ቀይ አፈር በፌስታል እያመጣች በረንዳው ላይ ታቦካ ጀመር። መስፍን በሰው ፊት ሊሞት ደረሰ።

"እማዬ፣ እዚህም ጭቃ? ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል? እናቱ እጅ አላት ይላል።"

"አገር ቤት የጣሉብንን ስም እዚህ የሚያውቅ የለም። ለምን አንቺው ታሳውቂያቸዋለሽ?"

እሷ የሠራችውን ማሰሮ አንሥታ ኳ አደረገችው፤ ጮኸ።

ሰፈራችን ማትናስ የሚሉት የሕዝብ አዳራሽ አለ። አንድ ቀን የሴቶቻችን የእጅ ሥራ ይታያል ተባለና እሷም አንድ ጥቁር ጋን ይዛ ሄደች። ጠረጴዛ ሰጥተዋት ሳለ ጋኑን መሬት ላይ አኖረችና ሄዳ ግድግዳው ሥር ቆመች። ልማድ ነዋ። ያን ጊዜ ነው ዮራም የመጣው። ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ ጎልማሳ፣ ባርኔአ በሚሉት የባለጸጎች ሰፈር ቪላ ያለው ሰው ነው። ጋኑ ፊት ተንበረከከ፤ ጆሮውን በጋኑ አፍ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ደግሞ አፉን አስገብቶ "ኡኡ" አለበት። ጋኑ መለሰለት።

እትዬ አዛለች ክንዴን ጨመቀችኝ። "ወርቄ፣ ፊቱን ከተተ እኮ! አየሽው?"

ዮራም ስፒከር ሠሪ ነበር። ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። በየግድግዳው ሥር የሰው ቁመት የሚያህሉ ሳጥኖች ቆመዋል። ለባለጸጋ ሳሎን የሚሠሩ ናቸው፤ የእንጨታቸው ገጽ መልክ ያሳያል፣ ጠርዛቸው እጅ ይቆርጣል። መጀመሪያ የሄድን ቀን እትዬ አዛለች ዞራ ዞራ አየቻቸውና፣

"ይኼን ሁሉ የሬሳ ሳጥን ማን ሊቀበርበት ነው?" አለች።

መስፍን አልተረጉምም ብሎ ደረቀ። ዮራም ካልነገርከኝ አለ። ሲነገረው እጁን እያጨበጨበ ሳቀ፤ "ሚስቴም የምትለው ይኼንኑ ነው!" አለ።

ከዚያ በመስፍን አፍ ሐሳቡን ነገራት። ሰው ስፒከር የሚገዛው በጆሮው ይመስለዋል፤ ግን መጀመሪያ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ሲያዩት ይውላሉ። እሱ ማዕዘን የሌለው፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ሰብሰብ ያለ ነገር ይፈልጋል። ሆዱ ላይ አንድ ትልቅ ዙር ቀዳዳ፣ ከላዩ ደግሞ አንድ ትንሽ፤ ድምፁ የሚወጣው በእነዚያ ነው። ሁለት መንታ ሆነው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። በወረቀት ሣለላት። እሷ ወረቀቱን አላየችም፤ እጆቿ ግን አየር ላይ ቅርጹን ይዘውታል።

ያን ክረምት ሙሉ ሲከራከሩ ከረሙ። እሱ ሦስት የብረት እግር ሊያደርግላቸው ፈለገ።

"ጋን በሦስት እግር? እግሯ የተሰበረ ፍየል አደረግሃት!"

እሱ ድምፅ የሚወጣባቸውን አፎች በጥቁር ስስ ጨርቅ ልሸፍን አለ።

"ትናገር ብለህ ሠርተህ አፏን ትሸብባለህ?"

በእግሩ ተሸነፈች፤ በጨርቁ አሸነፈች። በቀለሙ ነገር ግን ጦርነት ነበር። ሚስቱ ነጭ ሶፋ ስላላት ነጭ ይሁን አለች። እትዬ አዛለች ነጭ ሸክላ ያልበሰለ ሸክላ ነው ብላ ቁጭ አለች። ከመቀነቷ ውስጥ የእናቷን ድንጋይ አወጣች። ጡጫ የምታክል፣ ሸክላ ማለስለሻ ድንጋይ ናት። አውሮፕላን ላይ ባዶ እጃችንን ስንወጣ እሷ ይህቺን በመቀነቷ ቋጥራ ነው የመጣች። በእሷ ሆዱን አሸችው፣ አሸችው፤ ተኮሰችው፤ ትኩስ እንዳለ ቅጠልና ኩበት አልብሳ በጭስ አፈነችው። ጠርጋ ጋራዡ ውስጥ ስታቆመው መስኮቱ ጋኑ ሆድ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ደጅ ያለችው ዛፍ ሳትቀር። ዮራም ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየበት። ነጭ የሚል ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልወጣም።

የመተኮሱን ነገር ካላነሣሁማ ኃጢአት ነው። ዮራም የኤሌክትሪክ እቶን አለኝ ቢላት እሷ እሳቱን ሳላይ አልተኩስም አለች። እሱም ያንን ነጭ መኪናውን ከከብት አርቢዎች ዘንድ ባመጣው ኩበት ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ አፍንጫውን ይዞ መጣ። እሷ ይህን ስታይ፣ "ይኼ ሰው ባለጸጋ ነው የሚሉት ለካ ሸክላ ሠሪ ነው" አለች። ከሰፈሩ ጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ለኮሰችው። ጭሱ ሲንቦለቦል ጎረቤት ደውሎ ኖሮ እሳት አጥፊዎች ደረሱ። የውሃ ጎማውን ዘርግተው ሊረጩ ሲሉ እጇን ዘርግታ ከፊታቸው ተገተረች።

"ውሃ እንዳታስነኳት! ትሰነጠቃለች!"

ዮራም በባዶ እግሩ እየሮጠ መጥቶ ለመናቸው። እሳቱ በርዶ እስኪያልቅ ድረስ እሳት አጥፊዎቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ጋኗ ወጥታ ተንኳኩታ ስትጮህ አጨበጨቡላት። እትዬ አዛለችን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

መንታዎቹ ሲያልቁ ዮራም ለካቸው። አንደኛዋ በጣት ያህል ሰፋ ትላለች፤ አውራ ጣቷ የተወው ምልክት አንዷ ላይ ወደ ግራ፣ አንዷ ላይ ወደ ቀኝ ነው።

"እኔ ያማጥኩት ሁለት ልጅ ነው፤ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ አልወለድኩም" አለችው። ሳቀና ተወው። ከአንደኛዋ ግን፣ ለማሸጊያው ልክ እንዲሆነኝ ነው ብሎ፣ በጄሶ ቅርጿን ወሰደ። እኛም ያን ጊዜ ነገሬ አላልነውም።

ገዢዎች ከቴል አቪቭ መጥተው የሚያዩበት ቀን ተቆረጠ። ዮራም አንድ አዳራሽ ተከራየ። እሷንም አስቀምጦ በመስፍን አፍ እንዲህ አላት፦ "አንቺ አጠገባቸው ትቆሚያለሽ። ስለ ድምፁ እኔ እናገራለሁ፤ ስለ ሸክላው አንቺ ትናገሪያለሽ።"

"አጠገባቸው?" አለች።

"አጠገባቸው።"

መስፍንን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። እሱ እንኳን በዚያን ቀን ፊቱ ፈታ አለ።

የቀጠሮው ዕለት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ድንጋይዋን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ከእኔ ጋር በጠዋት ሄድን። ዮራም ወንበር ሊያመጣ ወጥቶ ነበርና አዳራሹ ባዶ ነው። ሁለቱ ጋኖች በብረት እግራቸው መድረክ ላይ ቆመዋል። ድምፅ የሚያወጣው አፋቸው ሆዳቸው ላይ ተገጥሞላቸዋል፤ መብራቱ ሆዳቸው ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። እትዬ አዛለች ነጠላዋን አስተካክላ መሐላቸው ቆመች። "እንዲህ ነው የምቆመው?" አለችኝ። "እንዲያ ነው" አልኳት። አንገቷን ቀና አደረገች፤ ሙሽራ መሰለች።

ከዚያ እንደ ልማዷ አንደኛዋን ጋን ኳ አደረገቻት።

ዱፍ አለ።

ደግማ መታች። ዱፍ። ወደ ሁለተኛዋ ዞረች። ዱፍ። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ።

"ሆዷ ውስጥ ዕቃ ስለገባ ይሆናል እኮ፣ እትዬ" አልኳት።

"ሆዷ ቢሞላስ! እህል የሞላ ጋንም ሲመቱት ይታወቃል። ተሰንጥቀዋል፣ ወርቄ። ሁለቱም ተሰንጥቀዋል።"

"ዮራም ይምጣና..."

"ሰዎቹ ሳይመጡ!" አለች። ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር። ከዚያ ከፈረጠው ጋንና ከተቃጠለችው ጎጆ የመጣ ድምፅ። ሁለት እጇን አንደኛዋ ጋን ላይ አድርጋ ገፋቻት። ወዲያው ሁለተኛዋን። ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ የአጥንት ስብራት የመሰለ ድምፅ ወጣ።

ሸክላው ተሰበረ፤ ግን አልተበተነም። ገሎቹ ከውስጥ እንደተያያዙ ተንጠለጠሉ። እትዬ አዛለች ቀስ ብላ ተቀመጠችና ጣቷን ከገሉ ጀርባ ሰደደች። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ነገር ተከትሎ ወጣ። ሬንጅ ነበር። ዮራም ሆዳቸውን ከውስጥ በሬንጅና በአሸዋ ለብጦታል። የጋን ሆድ መጮህ አለበት፤ የስፒከር ሆድ ግን ዝም ማለት አለበት ኖሯል፤ የሚናገረው አፉ ብቻ ነው። ይኼን ለእሷ መንገር ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያን ሁሉ ወራት ስታንኳኳ እያያት ይስቅ ነበር እንጂ፣ ለምን ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ገሉን ከሬንጁ ላቀቀችና ለብቻው በድንጋይዋ መታ አደረገችው። ጮኸ።

"ደህና ነበረች" አለች። "ደህና ነበረች እኮ፣ ወርቄ።"

ዮራም ወንበር ተሸክሞ ገባ። ወንበሮቹ ከእጁ ወደቁ። "ላማ? ላማ?" ይላል፤ ለምን፣ ለምን። መስፍን ፋብሪካ ነው፤ ያለሁት እኔ ብቻ። ያለኝን ዕብራይስጥ ሰብስቤ፣ ተሰብሮ መስሏት ነው አልኩት።

"አሁን ነው የተሰበረው" አለኝ።

ሚስቱ አበባ ይዛ ደረሰች። ገሉን አየች፤ እትዬ አዛለችን አየች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ዓይን ሃራዕ" አለች።

"ምን አለች?" አለችኝ እትዬ አዛለች።

መዋሸት ነበረብኝ፤ ግን እሷን የሚዋሽ አንደበት የለኝም። "የሰው ዓይን ነው የሰበራቸው አለች" አልኳት።

እትዬ አዛለች ከት ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ ዳግመኛ ልሰማው አልፈልግም።

"ቡዳውም በአውሮፕላን መጣ?" አለች።

ሰዎቹ ሲመጡ ዮራም የድሮዎቹን ሳጥኖች አሳያቸው። እኛ በነጭ ልብሳችን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲያ ዮራም አልጠራትም። መስፍን "ነግሬሽ ነበር" አላት፤ ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ የሚለው ጠፍቶበት ነው። እሷም ትምህርት ቤት ጽዳት ገባች። ጭቃ አልነካችም። ማንኳኳቱንም ተወችው፤ ዳቦ ስትገዛ እንኳን ዝም ብላ ታነሣለች። የእናቷን ድንጋይ የቤቷ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ማቆሚያ አደረገቻት። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲገባ ሲወጣ የተራመዳት እሷን ነው።

እኔ ባርኔአ አንዲት ሴትዮ ቤት አጸዳለሁ። አምና አንድ ቀን ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ጋን ቆመው አገኘሁ። ሮጬ ነካኋቸው። ፕላስቲክ ናቸው፤ ላያቸው ያብለጨልጫል እንጂ መስኮቱን አያሳይም። ከአንገታቸው ሥር የጎበጠው የአውራ ጣቷ ምልክት አለ። ሁለቱም ላይ ወደ ግራ። ያ ጄሶ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ወልዶ ነበር።

ማምሻውን ነገርኳት። ትበሳጫለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"አጠገባቸው ማን ይቆማል?"

"ማንም" አልኳት። "የአበባ ማስቀመጫ አለ።"

"እህ" አለች።

ከሰባቱ ቀን በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ሴትዮዋ እንግዶች ነበሯት። ጨርቄን ይዤ አቧራውን ስጠርግ ቆየሁና፣ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ከቀኙ ጋን አጠገብ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። አንዱ እንግዳ ጋኖቹን እያየ ማን እንደሠራቸው ጠየቀ።

"ዮራም የሚባል የኛ ሰፈር ሰው ነው" አለች ሴትዮዋ። "አፍሪካ ሄዶ ያየው ነው አሉ።"

"ጓደኛዬ..." ብዬ በዕብራይስጥ ጀመርኩ።

"ዙዚ ረጋ፣ ወርቄ" አለችኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ። በክፋት አይደለም፤ እየሳቀች ነው። "ድምፁን ጋረድሽው እኮ።"

ዘፈኑን ከፈተችው። እኔም ጨርቄን ይዤ ራቅ አልኩና ግድግዳው ሥር ቆምኩ።